በደም ሥር ወይስ በትንፋሽ? ለቀዶ ሕክምና የሚቀርቡ ሕፃናትን ስለ ማደንዘዝ

በዚህች ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ክፍል ውስጥ ደጋግመን የተማርነው፣ ፈተና ላይም የማይቀር ነው። ለቀዶ ሕክምና የቀረበን ሕፃን በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት እናስተኛው ወይስ በትንፋሽ በሚሳብ ጋዝ? እኔም መልሱን በሠንጠረዥ ከፋፍዬ፣ ጥቅሙን በግራ ጉዳቱን በቀኝ አድርጌ ሸምድጄው ነበር። ባለፈው ዓመት አዳማ ለተግባር ልምምድ ወጥቼ አንድ የ3 ዓመት ልጅ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ግን ሠንጠረዡ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሠንጠረዥ ሳይሆን እንደ ሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ልጁ ክብደቱ 12 ኪሎ ነው። በቀኝ ብሽሽቱ በኩል ቡዋ አለበት፤ ሲያለቅስ ያብጣል፣ ሲተኛ ይመለሳል። እናቱ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ ወጣት ናት። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተመረቀ ወዲህ እንደሷ ያሉ ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ በልምምድ ጊዜዬ ተራ ከሚጠብቁት እናቶች መካከል የስፌት ሠራተኞች ጥቂት አልነበሩም። ይቺኛዋ የአንድ ቀን ፈቃድ ይዛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደረሰች። እኔን ነጭ ጋዋን ለብሼ ስታየኝ “ዶክተር” አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ የአኔስቴዥያ ተማሪ ነኝ ብላትም “እሺ ዶክተር” ብላ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ከየት በኩል ነው የምትወጉት? ስንት ሰዓት ላይ ይነቃልኛል? አእምሮውንስ አይነካውም? እኔም ለሦስቱም “አይዞሽ እናት፣ ምንም አይሆንም” አልኳት። አሁን ሳስበው ሦስቱም ጥያቄዎች የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ራሱ ናቸው፤ እኔ ግን መልስ አልሰጠኋትም፣ ሸኘኋት እንጂ።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከገባን በኋላ በመጀመሪያ ያሰብነው በደም ሥር ማስተኛት ነበር። ካኑላ ለማስገባት በቀኝ እጁ ሞከርን፣ አልሆነም። በግራ ሞከርን፣ ቬኑ ፈነዳ። እግሩ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ሲወጋ ልጁ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸ። አስተማሪያችን “በቃ፣ አታሰቃዩት፣ በማስክ እናስተኛው” አሉ። የነበረን ጋዝ ሃሎቴን ነው። ማስኩን እኔ ያዝኩ፤ ልጁ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ዓይኖቹ ወዲያና ወዲህ ዞሩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ተኝቷል ብዬ ጓደኛዬን “አሁን ካኑላውን አስገባ” አልኩት። ልጁ ግን ገና በመረበሽ ደረጃ ላይ ነበር፤ ዓይን ወዲያና ወዲህ እስካለና ትንፋሹ ሥርዓት እስካልያዘ ድረስ ማንም አይነካውም ተብለን ተምረን ነበር። መርፌው ሲነካው ጉሮሮው ተቆለፈ። ደረቱ ይገባል፣ ሆዱ ይወጣል፣ ድምፅ የለም፣ ባጉ አይንቀሳቀስም። ኦክሲሜትሩ 97 የነበረው 88 ሆነ፣ ከዚያ 71። የልብ ምቱ ከ140 ወደ 80 ወረደ፤ የዚያን መሣሪያ ድምፅ እየወፈረ መሄዱን እስካሁን እሰማዋለሁ።

አስተማሪያችን ማስኩን ከእጄ ተቀብለው ጋዙን ዘጉ፣ ኦክስጅኑን ሙሉ ከፈቱ፣ አገጩን ወደ ፊት ገፍተው ማስኩን አጥብቀው ባጉን ጨብጠው ያዙ። አልከፈት ሲል ሳክስ በጡንቻ እንዲሰጥ አዘዙ፦ 4 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ማለትም 48 ሚ.ግ. ጭኑ ላይ፣ ከአትሮፒን 0.24 ሚ.ግ. ጋር። አንድ ደቂቃ አካባቢ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ በላይ ረዘመብኝ። ጉሮሮው ተከፈተ፣ ከንፈሩ ቀላ፣ ቱቦ ገባለት፣ ቀዶ ሕክምናውም በሰላም አለቀ።

ታዲያ ከዚያ ቀን በኋላ ራሴን የጠየቅሁት “ጋዝ መጥፎ ነው ወይ?” ብዬ አይደለም። የጠየቅሁት፣ ያ ልጅ ጉሮሮው በተቆለፈበት ሰዓት በደም ሥሩ ላይ ክፍት መስመር ቢኖረው ኖሮ ስንት ሰከንድ እናተርፍ ነበር? የሁለቱ መንገዶች ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በትንፋሽ ስናስተኛ አደገኛው ሰዓት መጀመሪያ ይመጣና መስመሩ ኋላ ይገባል። በደም ሥር ስናስተኛ ግን መስመሩ ይቀድማል፤ ዋጋው ነቅቶ ያለ ልጅ መወጋቱ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልለይ። ብዙዎቻችን ማስተኛትንና ማቆየትን እናደባልቃለን። አንድ ልጅ በጋዝ ተኝቶ በጋዝ ሊቆይ ይችላል፤ በኬታሚን ወይም በፕሮፖፎል ተኝቶ በጋዝ ሊቆይም ይችላል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በደም ሥር ብቻ የሚሠራም አለ። ጥናቶችን ስናነብ የትኛውን እንደሚያወዳድሩ ካላየን ያልተባለውን ተባለ እንላለን።

ጋዝ በሕፃናት ላይ ቶሎ የሚሠራው ለምንድነው? ሕፃን በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ በእጅጉ የበለጠ አየር ያስወጣል ያስገባል፤ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ በማስኩ የሚገባው ጋዝ ቶሎ ይተካል፣ ቶሎ ወደ አንጎል ይደርሳል። ይኸው ባሕርይ ግን ይገለበጥብናል። የሕፃን ሰውነት በደቂቃ በኪሎ ከ6 እስከ 7 ሚ.ሊ. ኦክስጅን ይበላል፤ አዋቂ ከ3 እስከ 4 ነው። ትንፋሽ ሲቆም ያለችው ጥቂት ተቀማጭ ወዲያው ታልቃለች። በእኛ ልጅ ላይ ከ97 ወደ 71 ለመውረድ የወሰደው ጊዜ ካኑላ ከሽፋኑ ለማውጣት የሚበቃ አልነበረም። በተጨማሪም ሕፃን ልቡ በእያንዳንዱ ምት የሚገፋውን ደም ብዙም መጨመር ስለማይችል በምቱ ፍጥነት ላይ ይተማመናል። ምቱ ከወረደ ሁሉም ይወርዳል።

አሁን ወደ ጋዞቹ። ሃሎቴን በ1951 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በቻርልስ ሰክሊንግ ተሠርቶ፣ በ1956 ማንቸስተር ውስጥ በማይክል ጆንስተን ለሕሙማን የዋለ ነው። ለሕፃናት የተወደደበት ምክንያት ሽታው ጉሮሮ ስለማይቆጠቁጥ ነው፤ ልጁ ሳያስለው ይስበዋል። ክፉ ጎኑ ደግሞ ልብን ያደክማል፣ ምቱን ያወርዳል፣ ልብ ለአድሬናሊን ከልክ በላይ እንዲነቃ ያደርጋል። ብርቅ ቢሆንም ጉበትን የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ፤ ይህ በአዋቂዎች ላይ ይበልጣል። አሜሪካ ውስጥ በሰመመን ጊዜ ልባቸው የቆመ ሕፃናት መዝገብ እንደሚያሳየው ከ1994 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ከተመዘገቡት ውስጥ 37 ከመቶ ያህሉ ከመድኃኒት ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ ከእነዚህም ሃሎቴን ዋነኛው ነበር። ከ1998 እስከ 2004 ግን ይህ ቁጥር ወደ 18 ከመቶ ወረደ፤ ምክንያቱም በመሃል ሃሎቴን በሴቮፍሉሬን ተተክቷል።

ሴቮፍሉሬን በ1990 ጃፓን ውስጥ ለአገልግሎት የተፈቀደ ነው። ሽታው ለስላሳ፣ በደም ውስጥ የመሟሟት ልኩ 0.65 አካባቢ (የሃሎቴን 2.4 ነው)፤ በመሆኑም ቶሎ ያስተኛል ቶሎ ያነቃል። ልብ ላይም ይቀልላል። አይሶፍሉሬን በመካከላቸው ነው፣ 1.4 አካባቢ፤ ነገር ግን ጉሮሮ ስለሚቆጠቁጥ በማስክ ለማስተኛት አይመከርም፣ ለማቆየት ጥሩ ነው። ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። “ያው ጋዝ ነው” ብለው አይሶፍሉሬንን ለማስተኛት የሚሞክሩ አሉ፤ ልጁ ያስለዋል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ወዲያው እኔ ያየሁትን ያያሉ።

መጠኑንም እናስታውስ። በሕፃናት ላይ የሚያስፈልገው የጋዝ መጠን ከአዋቂ ይበልጣል። ለልጅ ሃሎቴን 0.9 ከመቶ አካባቢ፣ አይሶፍሉሬን 1.6፣ ሴቮፍሉሬን 2.5 ነው፤ ይህም ግማሾቹ ልጆች ቢላ ሲነካቸው የማይንቀሳቀሱበት ልክ ስለሆነ ለማስተኛት ከዚያ በላይ እንከፍታለን። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ወደ 630 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ነው እንጂ 760 አይደለም። “ታዲያ ቫፖራይዘሩን እናስተካክል ወይ?” ብዬ ጠይቄ ነበር። ለተለመደው ቫፖራይዘር አያስፈልግም፤ የሚወጣው ጋዝ በመቶኛ ሲታይ ከፍ ይላል፣ አንጎል የሚያውቀው የጋዙ ግፊት ግን በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ይቀራረባል። ከፍታው የሚጎዳን በኦክስጅን በኩል ነው። የክፍሉን አየር ብቻ የሚተነፍስ ሰው ወደ ሳንባው የሚገባው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ 150 ከሆነ አዳማ ላይ 120 አካባቢ ነው። ይህን ስለ ኬታሚን ስናወራ እመለስበታለሁ።

በደም ሥር ከሚሰጡት ታዮፔንታል የጥንቱ ነው፣ ዛሬ ብዙም አናየውም። ፕሮፖፎል ከ1986 ጀምሮ ያለ፣ ነጭ ቅባት መሳይ መድኃኒት ነው። ለሕፃን ከ2.5 እስከ 3.5 ሚ.ግ. በኪሎ ይሰጣል፤ ከአዋቂ በኪሎ ይበልጣል። ጉሮሮን ያረጋጋል፣ ማቅለሽለሽን ይቀንሳል፣ ልጁ ጥርት ብሎ ይነቃል። ሲገባ ግን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያቆማል፣ ግፊት ያወርዳል። በአኩሪ አተር ዘይትና በእንቁላል ቅባት ስለተሠራ ባክቴሪያ ይወደዋል፤ ሲሪንጅ ላይ ከተቀዳ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። የጠዋቱን ትርፍ ለከሰዓት የሚያስቀምጥ ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ።

ኬታሚን ደግሞ የኛ አገር ጓደኛ ነው ማለት ይቻላል። በ1962 ተሠርቶ በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠ፣ ከ1985 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። በደም ሥር ከ1 እስከ 2 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ቬን ካልተገኘ በጡንቻ ከ5 እስከ 10። ሕመም ያጠፋል፣ ትንፋሽ አያቆምም ይባላል፣ ግፊት ይጠብቃል። በጡንቻ መሰጠቱ ብቻውን በገጠር ሆስፒታል ስንት ሕፃን አትርፏል! ነገር ግን “ትንፋሽ አያቆምም” የምትለው ቃል አዘናግታናለች። ቶሎ ከተገፋ ያቆማል፤ ምራቅ ያበዛል፣ ምራቁ ጉሮሮ ላይ ሲወርድ ያው መቆለፍ ይመጣል። ከፍታችን ላይ ያለ ኦክስጅን፣ ያለ ኦክሲሜትር ኬታሚን ወግቶ ልጅ አጠገብ መቆም በእኔ አስተያየት ድፍረት ነው። ማሽን የለም ማለት ኦክስጅን አያስፈልግም ማለት አይደለም።

እንግዲህ የእናትየዋን የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ከየት በኩል ነው የሚለውን፣ ጥናቶች እንዴት መለሱት? በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ተሠርቶ በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። እስከ 8 ዓመት ያሉ፣ ለትንፋሽ ችግር ከፍ ያለ ተጋላጭነት ያላቸው ወደ 300 የሚጠጉ ልጆች ተወሰዱ፤ ማለትም በቅርቡ ጉንፋን የያዛቸው፣ አስም ያለባቸው፣ ቤታቸው ሲጋራ የሚጨስባቸውና የመሳሰሉት። በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በሴቮፍሉሬን፣ ግማሾቹ በፕሮፖፎል ተኙ። የትንፋሽ ችግር በጋዝ ከተኙት 43 ከመቶው፣ በደም ሥር ከተኙት 26 ከመቶው ላይ ታየ። የማስተኛቱን ሰዓት ብቻ ካየን ልዩነቱ ይሰፋል፤ 32 እና 11 ከመቶ። ይህን ባነበብኩ ቀን ወደ ማስታወሻዬ ተመለስኩ። የኛ ልጅ ካርድ ላይ በራሴ እጅ “ጉንፋን ከ5 ቀን በፊት፣ አሁን ደህና” ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለት ሳምንት ያልሞላው ጉንፋን ደህና አይደለም። እናቱ አልዋሸችኝም፤ እኔ ነኝ ያልተረጎምኩት።

ይሁን እንጂ ጥናቱን ይዘን “ጋዝ ይቅር” ብንል ሌላ ስህተት ነው። የባዕድ ነገር ጉሮሮው ገብቶ ሽምብራ ወይም ባቄላ ያነቀው ልጅ፣ ፊቱ ወይም መንጋጋው ተበላሽቶ ቱቦ ማስገባት የሚያስቸግር ልጅ፣ ራሱ እየተነፈሰ ቀስ ብሎ በጋዝ እንዲተኛ ብዙ ባለሙያዎች ይመርጣሉ፤ ነገሩ ካስቸገረ ጋዙን ዘግቶ ማንቃት ይቻላልና። በሲሪንጅ የገፉትን መድኃኒት መልሶ መሳብ አይቻልም። ቬን የሌለው ወፍራም ሕፃንም አለ። በተቃራኒው ሆዱ ባዶ ያልሆነ፣ አንጀቱ የታሰረ፣ የሚያስመልሰው ልጅ በማስክ ቀስ ተብሎ አይተኛም፤ መስመር ይገባለታል። ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬንና ሳክስ በዘር የሚተላለፈውን የጡንቻ ግለት ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ በቤተሰቡ በሰመመን ጊዜ ድንገት ሞቶ የነበረ ሰው ካለ ጋዙንም ሳክሱንም ትቶ ወደ ደም ሥር መሄድ ነው። ይህን ጥያቄ ስንቶቻችን እንጠይቃለን?

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ላንሳ። እናትየዋ ልጁን ያበላችው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። “ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳይቀምስ” ስለተባለች እሷም እንቅልፉን ላለማቋረጥ ከእራት በኋላ ምንም አልሰጠችውም። እኛ ጋ ተራው የደረሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ። ይህ ማለት 15 ሰዓት ተኩል ያለ ምግብና ያለ ውሃ! ሙቀት ባለበት አገር። ቬኑ ባይገኝ ምን ይደንቃል? ጠንካራ ምግብ 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ግን እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ስኒ ውሃ በስኳር ቢጠጣ ኖሮ ቬኑ ይሞላ ነበር፣ ልጁም ያን ያህል አይነጫነጭም ነበር። ስለዚህ “ቬን ስላልተገኘ በጋዝ አስተኛነው” ብለን ስንጽፍ አንዳንዴ ቬኑን ያጠፋነው ራሳችን ነን።

ሁለተኛው ጥያቄዋ፣ ስንት ሰዓት ይነቃልኛል የሚለው፣ ለኛ የማወቅ ጉጉት ይመስለናል፤ ለእሷ ግን የፈረቃ ጉዳይ ነበር። ልጁ ሪከቨሪ ክፍል ከገባ ከ20 ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ መጮኽ ጀመረ። እናቱ አቅፋዋለች፣ እሱ ግን ፊቷን እያየ “አዮ! አዮ!” እያለ እሷኑ ይጠራል፣ እጇንም ይገፋል። አላወቃትም። “ምን አደረጋችሁት?” አለችኝ። ይህ ከሰመመን ሲነቁ የሚታይ መረበሽ በተለይ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ በተለይም ቶሎ በሚያነቁት እንደ ሴቮፍሉሬን ባሉ ጋዞች ይበዛል፤ በሃሎቴንም አለ። ብዙውን ጊዜ በ15፣ በ30 ደቂቃ ያልፋል። ኬታሚንም የራሱ ቅዠት አለው፣ ግን በልጆች ላይ ከአዋቂ ያነሰ ነው፤ ይልቅ ኬታሚን በጡንቻ የተወጋ ልጅ ረጅም ሰዓት ይተኛል፣ ሲነሣም ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል። በዕለቱ ወደ ቤት የሚመለሱ ልጆችን በሚመለከት 16 ጥናቶችንና 900 ልጆችን ያጠቃለለ በ2014 የታተመ ግምገማ በፕሮፖፎል የቆዩት ከጋዝ ይልቅ ማስመለስም መረበሽም እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል፤ የማስረጃው ጥንካሬ ግን ደካማ ነው ይላል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ሕመም። የሚያመው ልጅ መጮኹ መረበሽ ተብሎ ይታለፋል። ለብሽሽት ቀዶ ሕክምና ልጁ ከተኛ በኋላ ከጅራት አጥንት በኩል ቡፒቫኬይን 0.25 ከመቶ 1 ሚ.ሊ. በኪሎ ቢሰጥ ጋዙም ይቀንሳል፣ ኬታሚኑም ይቀንሳል፣ ልጁም ሲነቃ አያመውም። በዚያ ቀን ከድንጋጤያችን የተነሣ ይህን ረሳነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የአእምሮ ጉዳይ ነው። ይህ ጥያቄ በዓለም ላይ ትልልቅ ተመራማሪዎችን አሯሩጧል። ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ለረጅም ጊዜ ወይም ደጋግሞ ማደንዘዝ የአንጎል እድገትን ሊጎዳ ይችላል ብሎ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 መጨረሻ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ልብ በሉ፣ ማስጠንቀቂያው ጋዞቹንም ፕሮፖፎልንም ኬታሚንንም አንድ ላይ ነው የጠቀሰው፤ በዚህ በኩል አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ነገር የለም። በሌላ በኩል ለብሽሽት ቡዋ የተሠራላቸውን 722 ጨቅላ ሕፃናት በዕጣ ከፍሎ፣ ግማሾቹን በሴቮፍሉሬን፣ ግማሾቹን ነቅተው በወገብ መርፌ አድርጎ እስከ 5 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት በ2019 ውጤቱን አውጥቷል። ከ1 ሰዓት በታች የሆነ አንድ ጊዜ ሰመመን በልጆቹ የማሰብ ችሎታ ላይ ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ ለእናትየዋ “አይዞሽ” ማለቴ በዚህ ጥያቄ ላይ ልክ ነበር፤ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ነው ያልኩት። አንጎልን በእርግጥ የሚጎዳው 71 ላይ መቆየት ነው።

የዋጋና የዕቃ ነገር ባነሣ ማብቂያ የለውም። ሴቮፍሉሬን ውድ ነው፣ የራሱ ቫፖራይዘርም ያስፈልገዋል። ፕሮፖፎልን እስከ መጨረሻ ለማንጠባጠብ ሲሪንጅ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ይሄዳል። ልጁ ምን ያህል እንደተኛ በጋዝ ከሆነ ማሽኑ ሊነግረን ይችላል፤ በደም ሥር ከሆነ የሚነግረን ልምዳችን ነው። በሌላ በኩል ጋዝ የሚፈልገው ባለሙያ ማሽን የሚያውቅ፣ ለትንሽ ልጅ የሚሆነውን ሰርኪት የሚያዘጋጅ ነው፤ እንግሊዛዊው ፊሊፕ አይር በ1937 የሠራትና ጃክሰን ሪስ በ1950 ባጉን የጨመረባት ቀላል ቱቦ ዛሬም ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑት ታገለግለናለች። በ2024 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በ31 የአፍሪካ አገሮች፣ በ249 ሆስፒታሎች 8,625 ሕፃናትን ተከታትሎ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት 2.3 ከመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል፤ ይህም ከበለጸጉት አገሮች ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነው። ከዚህ ቁጥር ውስጥ በጋዝና በደም ሥር ምርጫ የሚድነው ምን ያህሉ ነው ቢባል እኔ ብዙ ነው አልልም። ኦክሲሜትር አይቶ ምቱን የሚሰማ ሰው፣ ከመጀመሩ በፊት በሲሪንጅ ተቀድቶ የተቀመጠ ሳክስና አትሮፒን፣ የሚሠራ ሳክሽን፣ እነዚህ ይበልጣሉ ብዬ አምናለሁ።

እኔ ለራሴ የያዝኩት ይህ ነው። ኦክስጅንና ኦክሲሜትር በሁለቱም መንገድ ግዴታ ነው። ጉንፋን በቅርቡ የነካው፣ አስም ያለበት ወይም ሆዱ የሞላ ልጅ መስመር ሳይገባለት አይተኛም፤ ቬኑ ቢያስቸግር እንኳ ሰው እስኪጠራ እጠብቃለሁ። ጤነኛ ሆኖ መርፌ የሚፈራ ልጅ በሴቮፍሉሬን፣ ከሌለ በሃሎቴን በጥንቃቄ በማስክ ይተኛ፤ ካኑላውን ግን ሁለተኛ ሰው፣ ልጁ በእርግጥ ከተኛ በኋላ ብቻ ያስገባ። የሚስማማኝም የማይስማማኝም ካለ በዲፓርትመንቱ የማክሰኞ ውይይት ላይ ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል።

ልጁ በግራ በኩልም ቡዋ እንዳለበት በኋላ ታወቀና ልምምዴ ሳያልቅ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ወረቀቱን ቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር፦ 12 ኪሎ ተኩል፣ ውሃ እስከ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ካኑላ መጀመሪያ፣ ፕሮፖፎል 37 ሚ.ግ.፣ ቡፒቫኬይን 12 ሚ.ሊ.፣ ሳክስና አትሮፒን ተቀድተው። እናቱ በድጋሚ የአንድ ቀን ፈቃድ ይዛ መጣች። ደረቱን ሳዳምጠው ያፏጫል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስለዋል አለችኝ። የቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ቡዋው አልታሰረም፣ መጠበቅ ይችላል። “ዛሬ አይሠራም እናት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው” ስላት ዝም ብላ አየችኝ። “ፈቃዱን ከየት ላምጣው?” አለች።

ለዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ መልስ የለም። አስተማሪያችን በሆስፒታሉ ማኅተም ለአለቃዋ የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፉላት፤ እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን የቀሩብኝን መልሶች ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ነገርኳት፦ ከየት በኩል እንደሚወጋ፣ ለምን እንደዚያ እንደጮኸ፣ አእምሮውን እንደማይነካው፣ ደግሞም ያን ቀን ጉሮሮው ተቆልፎ እንደነበረና ምን እንዳደረግን። የመጨረሻውን ስትሰማ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ከዚያ “ውሃ እስከ ስንት ሰዓት ነበር ያልከኝ?” ብላ ስልኳን አውጥታ መዘገበችው።